ጆሮዬ አንደኛ ክፍል የገባበት ዓመት

ጆሮዬ እየደከመ ሲሄድ የሰፈራችን ሰው «አስተዋይ ሆነ» አለኝ።

ኮልፌ ውስጥ ከአንድ ሸሪኬ ጋር የብረት በርና መስኮት የምንሠራባት ጠባብ ወርክሾፕ አለችን። ከጠዋት እስከ ማታ ብረት የምንቆርጥበት ግራይንደር ይጮኻል፣ መዶሻው ይጮኻል፣ «ዕቃዬ የት ደረሰ?» የሚል ደንበኛ ይጮኻል። ጆሮ መሸፈኛ የሚባል ነገር መኖሩን አላጣነውም። ገዝተን ግድግዳው ላይ ሰቅለነዋል። እንግዳ ሲመጣ ወርክሾፑን ያሳምረዋል።

ጆሮ ደግሞ እንደ መብራት በአንድ ቀን ድርግም ብሎ አይጠፋም። በትህትና፣ አንድ በአንድ ዕቃውን እየሰበሰበ ነው የሚወጣው። መጀመሪያ ወፎቹ ሄዱ። ቀጥሎ የሕፃናት ድምፅ ሄደ። ከዚያ ከሰው ንግግር ውስጥ አንዳንድ ፊደል እየተነቀለ መሄድ ጀመረ። ሰው ሲያወራኝ ድምፁ ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን ገንፎ ሆኖ ነው የሚደርሰኝ። ምን ላድርግ? ራሴን መነቅነቅ ጀመርኩ።

ይህ መነቅነቅ ስሜን አስጠራው። «እሱ እኮ ሰው አያቋርጥም»፣ «እሱ እኮ ነገር አብሰልስሎ ነው የሚናገረው» ይሉኝ ጀመር። የተጣላ ባልና ሚስት ለማስታረቅ እኔ ካልተጠራሁ ሽምግልናው አልተሟላም። ባል ይናገራል፣ እነቀንቃለሁ። ሚስት ታለቅሳለች፣ እነቀንቃለሁ። መጨረሻ ላይ ረጅም ትንፋሽ አወጣና «እንግዲህ ቻል ቻል አድርጉት» እላለሁ። ይታረቃሉ። በምን እንደተጣሉ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ያልተሸወደችው ባለቤቴ ብቻ ናት። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የአንደኛ ክፍል አማርኛ አስተማሪ ነበረች፤ መስማትንና መስማት ማስመሰልን በፊት ገጽታ ለይታ የምታውቅ ሴት ናት። «ሰው ነው ያገባሁት ብዬ ግድግዳ አግብቻለሁ» ትላለች። ይህችን ዓረፍተ ነገር የማውቃት ፊት ለፊቴ ቆማ፣ ጮክ ብላ፣ ፊደል በፊደል ስለነገረችኝ ነው።

ሴት ልጃችን ደግሞ ድምፀ ለስላሳ ናት። የሆነ ነገር ትነግረኛለች፣ «እ?» እላለሁ። ትደግመዋለች፣ «ምን አልሽ?» እላለሁ። ሦስተኛው ላይ ፈገግ ትልና «ግድ የለም አባዬ» ትላለች። ከልጄ አፍ በደንብ የሚሰማኝ ዓረፍተ ነገር ይኸው ነበር። ግድ የለም፣ አባዬ።

እንዲህ ተከብሬ እንደምኖር ጥቅምት ላይ ሽማግሌዎች መጡ።

ልጃችን የምትወደው ልጅ እንዳለ እናውቃለን፤ ልጁንም አይተነው ወደነዋል። ዓለም ባንክ ሰፈር ያለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ሦስት ነጭ ነጭ የለበሱ አባቶች ተደርድረው ተቀመጡ። ሽማግሌ ደግሞ ሲለምን አይጮህም። ወለሉን እያየ፣ ድምፁን እያለዘበ፣ ዙሪያውን እየዞረ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባው። ለጆሮዬ ከዚህ የከፋ ሰው አልተፈጠረም። ስለ ዝምድና ተወራ፣ ነቀነቅኩ። ስለ ልጁ ጠባይ ተወራ፣ ነቀነቅኩ። ልጃችንን መርቀን እንደምንሰጥ ባለቤቴ አስቀድማ ስላስጠናችኝ «እግዚአብሔር ያቃናው» የምትለዋን በሰዓቷ አልኩ። እስከዚህ ድረስ ፈተናውን አልፌያለሁ።

ከዚያ በዕድሜ ከፍ ያሉት ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ጠየቁኝ። «እንግዲህ ፈቃድዎ ከሆነ፣ ለጥር ቢያደርሱልን ብለን ነው» ነበር ያሉት። እኔ የሰማሁት ግን «በር ቢያደርሱልን ብለን ነው» የሚል ነው።

ከሰርግ መሃል በር ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅኩም። ለሙሽሮቹ ቤት ይሆናል ብዬ ገመትኩ። ሰው ደግሞ ስለ ሥራው ሲያወሩለት ልቡ ይከፈታል። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አፌ ተፈታ።

«ምን ችግር አለው!» አልኳቸው። «ሰሞኑን ሥራ ቀዝቅዟል። ከምታስቡት ቀድሜ ነው የማደርስላችሁ!»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሴት ልጁን ለማስረከብ እንዲህ የቸኮለ አባት ከዚህ በፊት አልገጠማቸውም መሰለኝ።

«እግዜር ይስጥልን» አሉ ትልቁ፣ አሁን በደስታ ጮክ ብለው። «እንዲህ ያለ ደግ አባት!»

«ብቻ ስትወስዱ» አልኩ፣ «ጠንካራ ጠንካራ ሰዎች ይዛችሁ ኑ። እኔ የምሠራው ከባድ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን አያነሳውም።»

ባለቤቴ የጓዳው በር ላይ ብቅ አለች። ዓይኗ እንዲያ ሲፈጥ አይቼ አላውቅም። በእኔ ቤት ሥራዬን በማስተዋወቄ የኮራችብኝ መሰለኝና ጨመርኩበት።

«ደግሞ ካልገጠመ አትጨነቁ። መልሱልኝ። ሞረድ ሞረድ አድርጌ፣ አስተካክዬ እሰጣችኋለሁ። ከእኔ ወስዶ የተጸጸተ ሰው የለም!»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ የተጎነጩት ጠላ በአፍንጫቸው ወጣ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ባለቤቴ ትከሻዬን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችኝ። «ልጃችንን እኮ ነው!» አለች፣ አፏን በሰፊው እየከፈተች። «ካልገጠመች ሞርጄ እመልሳለሁ ያልከው፣ ልጃችንን ነው! ሰርጉ ለጥር ይድረስልን ነው ያሉህ! እኔ ለፋሲካ ማግስት ብዬ እንድትነግራቸው ስንት ቀን ነው ያስጠናሁህ?»

ልጃችን ሶፋው ላይ ተጠቅልላ ትስቃለች። እስኪያስነባት ድረስ ሳቀች። ከሳቁ መሃል ቀና ብላ እኔን እያየች የሆነ ነገር አለች።

«ምን አልሽ?» አልኳት።

ሳቋ ቀስ እያለ ቆመ። ዓይኗን ጠረገችና «ግድ የለም አባዬ» አለችኝ።

በሳምንቱ እናትና ልጅ በግራና በቀኝ ይዘው ሐኪም ቤት ወሰዱኝ።

የመስማት ምርመራ ባለሙያዋ የልጄ እኩያ የምትሆን ረጋ ያለች ሴት ናት። ድምፅ የማይገባባት ቁም ሣጥን የምታክል ክፍል ውስጥ አስገብታኝ «ድምፅ ሲሰሙ ይህችን ይጫኑ» አለችኝ። ብዙ ጊዜ ምንም አልሰማሁም፤ ግን ልጅቷ በመስታወቱ በኩል በተስፋ ስታየኝ እንዳላሳፍራት ብዬ እጫን ነበር። ይህንንም ነቃችብኝ። «ጋሼ፣ እኔን ለማስደሰት አይጫኑ» አለችኝ። እንደገና ጀመርን።

ውጤቱን ወረቀት ላይ አሳየችን። መስመሩ ሲጀምር ሜዳ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲሄድ ገደል ይገባል። «እዚህ ገደል ውስጥ የወደቁት እነ ስ፣ እነ ት፣ እነ ፍ ናቸው» አለች። «ሰው እንዳወራ ያውቃሉ፣ ምን እንዳለ ግን አይለዩም። አይደል?»

«ልክ ነው» አልኩ። ይህንን ሰምቼዋለሁ፤ ጮክ ብላ ነበር።

ሁለት የመስሚያ መሣሪያ እንደሚያስፈልገኝ ነገረችን። እኔም እንደ መነጽር አድርጌው፣ በአንዴ ተስተካክዬ፣ ወደ ሥራዬ የምመለስ መስሎኝ ነበር። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች።

«ጋሼ፣ መሣሪያው ድምፁን ነው የሚሰጥዎት። ድምፁን ቃል የሚያደርገው አንጎልዎ ነው። አንጎልዎ ደግሞ እነዚህን ድምፆች ለብዙ ዓመት ስላላገኘ፣ ለእነሱ ይዞት የነበረውን ቦታ ለሌላ ሥራ ማዋል ጀምሯል።»

«ለምን ሥራ?»

«ለማየት ሊሆን ይችላል። ሰው ሲያወራ ከንፈሩን አይደል የሚያዩት?»

«እኔን ሳያስፈቅድ ቦታዬን አከራየው በይኛ» አልኳት። «ተከራዩን ማስወጣት አይቻልም?»

«በልምምድ ይቻላል። በየቀኑ ካሠለጠኑት አንጎል በእርስዎም ዕድሜ ይለወጣል። እንደ ወጣትነትዎ ባይሆንም፣ ይለወጣል።»

ባለቤቴ ከወንበሯ ተንጠራራች። «የእሱ አንጎል? እስከ ዛሬ እኔ ያልለወጥኩት?»

ባለሙያዋ ሳቀችና ልምምዱን ለእሷ አስረዳቻት። ለእኔ አይደለም፣ ለእሷ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ እኔ ጭንቅላት እንደ ወላጅና እንደ መምህር ሲመካከሩ፣ እኔ መሃል ላይ ጸጉሬን የምስተካከል ሕፃን መስዬ ተቀመጥኩ።

መሣሪያዎቹ ተገጥመውልኝ የወጣሁ ቀን፣ የሰው ልጅ እንዴት እስካሁን ሳያብድ እንደኖረ ገረመኝ። ሚኒባስ ውስጥ ገባን። ረዳቱ «ዓለም ባንክ ዓለም ባንክ!» ሲል ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ የሚጮህ መሰለኝ። አጠገቤ ያለች ሴት ፌስታሏን ስትነካካ የጭድ ክምር የተቃጠለ መስሎኝ ዞር አልኩ። ከኋላዬ አንድ ጎረምሳ ማስቲካ ያኝካል፤ እያንዳንዷ ማኘክ ትሰማኛለች። ጤነኛ ጆሮ ይህንን ሁሉ አንድ ጥግ አስቀምጦ የሚፈልገውን ይሰማል አሉ። የእኔው ጭንቅላት ግን የፌስታሉንም፣ የሞተሩንም፣ የባለቤቴንም ድምፅ እኩል አክብሮ ተቀበላቸው። ባለቤቴ ያወራችው ከቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ የወጣ ይመስል ነበር።

ቤት ስንገባ አንድ ነገር ያጉረመርማል። «ይህ ምንድን ነው የሚጮኸው?»

«ፍሪጁ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚጮኸው?»

«ከገዛነው ጀምሮ።»

ቆሎ አፌ ውስጥ ስጨምር ወፍጮ ቤት የገባሁ መሰለኝ። የራሴ ጫማ፣ የራሴ ትንፋሽ፣ የራሴ ጉሮሮ፤ ራሴን መሸከም አቃተኝ። በሦስተኛው ቀን ሁለቱንም አውልቄ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው። ዓለም እንደ ጥንቱ ጸጥ አለ። ባለቤቴ መጥታ መሳቢያውን ከፈተችና ጎንበስ ብላ ጠየቀችው።

«እንዴት ነህ መሳቢያ? ይሰማሃል?»

በማግስቱ ትምህርት ተጀመረ።

ጡረታ የወጣ አስተማሪ ቤት ውስጥ ተማሪ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ያላየ አያውቀውም። ሴትዮዋ ዕድሜዋ በአሥር ዓመት ቀነሰ። ከሥራ ገብቼ ታጥቤ ስቀመጥ፣ ፊት ለፊቴ ወንበር ስባ ከንፈሯን እንዳላይ በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍንና ትጀምራለች።

«ሸጠ። የቱን አልኩ፣ ሰጠ ወይስ ሸጠ?»

«ሰጠ።»

«ሸጠ ነው ያልኩት። አሁንስ? መጣ። መጣ ነው ወይስ መታ?»

«መታ።»

«መጣ! ማን መቶህ ነው? ድገም።»

ቋንቋችን ለእኔ ዓይነቱ ሰው የተዘጋጀ ወጥመድ መሆኑን ያኔ ገባኝ። በአንዲት ትንሽ ፊደል ሰው የሰጠውን ሸጠ፣ የመጣውን መታ ታሰኛለህ። «ሳል፣ ወይስ ሻል?» ስትለኝ ደግሞ አንድ ነገር ታወሰኝ። የታመመ ጎረቤታችንን ልጠይቅ ሄጄ ሚስቱ «ትንሽ ሻል አለው» ስትለኝ፣ «ማር በሎሚ ስጪው፤ ካልለቀቀው ደረቱን ይታይ» ብዬ አስደንግጫት ነበር። ምስኪን፣ በነጋታው ይዛው ሐኪም ቤት ሄዳለች።

ከነጠላ ቃል ወደ ዓረፍተ ነገር አለፍን። ባለሙያዋ የሰጠችን የልምምድ መመሪያ «ሰውየው የማያውቃቸውን ረጅም ዓረፍተ ነገሮች ያንብቡለት» ይል ነበር። ባለቤቴ ማንበብ አላስፈለጋትም፤ ተጠራቅሞ የቆየ ነገር ነበራት።

«‹ባለቤቴ ጣራው ያፈሳል ስትለኝ፣ ክረምት ሳይገባ መስማት ነበረብኝ።› ድገም።»

«ባለቤቴ... ጣራው ያፈሳል ስትለኝ... ክረምት ሳይገባ መስማት ነበረብኝ።»

«ጎበዝ። ‹ለሰው ሁሉ በር እሠራለሁ፤ የራሴ ጓዳ በር ግን በአንድ ማጠፊያ ተንጠልጥሏል።› ድገም።»

«ቆይ፣ ይህ ልምምድ ነው ወይስ ክስ?»

«ረጅም ዓረፍተ ነገር ነው። ድገም።»

ወርክሾፕም እረፍት አልነበረም። ሸሪኬ የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ የእሱ ጆሮ በምን ተአምር እንደተረፈ እንጃ። ግራይንደር ሲነሳ መሣሪያውን አውልቄ፣ መሸፈኛውን አቧራውን አራግፌ ማድረግ ጀመርኩ። ግራይንደሩ ሲያርፍ ደግሞ ሸሪኬ ከኋላዬ ቆሞ በራሱ መንገድ ይፈትነኛል። «ቱቦላሬ ያዝልኝ» ይላል፤ «ላሜራው ዝጓል» ይላል፤ ካልሰማሁ በእንጨት ትከሻዬን ይነካል። አንድ ቀን ሥራ ላይ እያለን የሚያለቅስ በር የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ማጠፊያ መስሎኝ ዘይት ይዤ ፈለግኩት። ለካ እሱ ነው፣ መንዙማ የሚያንጎራጉረው።

«ይህን ሁሉ ዓመት አጠገቤ ስታንጎራጉር ኖረሃል?»

«አዎ፤ አንተም ደስ ብሎህ ትነቀንቅ ነበር።»

«ድምፅህ እንዲህ ነው እንዴ?»

«አውልቀው ያን መሣሪያ» አለኝ።

መስማት መማር ግን እንዲህ ሲወራ እንደሚያስቀው አይደለም። ላሜራ ስሸከም ውዬ ያልደከመኝን ያህል ቁጭ ብዬ ሳዳምጥ ይደክመኛል። ግንባሬን ያመኛል። እህል ሳልቀምስ እንቅልፍ ይወስደኛል። ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ምሽት ተከታትሎ ሁሉም ተሳሳተብኝ፤ ትናንት የለየኋቸው ቃላት ሁሉ ጠፉብኝ። ሬድዮ ተከፍቶ ነበር የምንለማመደው፤ ጩኸት ውስጥ ቃል መለየት እንድለምድ። መሣሪያዎቹን ከጆሮዬ ነቅዬ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩ። «በቃኝ! ከዚህ በኋላ ብሰማስ ምን ሊረባኝ?» አልኩ። ትንሽ ቆይቼ አፈርኩና አንስቼ መልሼ አደረግኳቸው፤ ግን ወደ መስኮቱ ዞሬ ተቀመጥኩ።

ባለቤቴ አልጮኸችም። ከኋላዬ፣ እንደ ራሷ ወሬ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሬድዮ የምከፍተው ዘፈን ስለምወድ ይመስልሃል? ሰው የሚያወራ እንዲመስለኝ ነው። ስንት ዓመት ነው ብቻዬን ያወራሁት።»

ከንፈሯን አላየሁም። አላሳየችኝም። ሬድዮው እየጮኸ ነበር። አንድም ቃል ግን አላመለጠኝም።

ዞር አልኩ። ስነቀንቅ ራሴን አገኘሁትና ደንግጬ አቆምኩ። «ሰምቻለሁ» አልኳት። ተነስቼ ሬድዮውን ዘጋሁት። እሷም ያን ቀን ድገም አላለችኝም።

ከዚያ በኋላ ለውጡ ሳይነግረኝ መጣ። ታኅሣሥ ላይ አንድ ጠዋት ቁርስ እየበላሁ «ፍሪጁ ተበላሽቷል» አልኳት። ሄዳ ከፈተችው፤ ይሠራል። እንደወትሮው ያጉረመርማል። ጭንቅላቴ ነው ችላ ማለት የተማረው። ያን ያህል ከለፋሁበት ትምህርት አንዱ ውጤት አለመስማት መሆኑን ሳስብ ሳቅኩ። በዚያው ሳምንት ወደ ታክሲ ስሄድ ጆሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ጢው ጢው ይላል። ባትሪው ያለቀ መስሎኝ አንዱን አወለቅኩ፣ መልሼ አደረግኩ። ቀና ስል የኤሌክትሪክ ሽቦው ላይ ወፎች ተደርድረዋል። መንገድ መሃል እንደ ገጠሬ አፌን ከፍቼ ቆምኩ፤ አንድ ሾፌር በጡሩንባው ሰደበኝ። እሱንም በጥራት ሰማሁት።

ክብሬ ግን በዚያው አበቃ። የተጣሉ ባልና ሚስት ለማስታረቅ ተጠርቼ ሄድኩና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሉትን ሰማሁ። «ቅድም ያልከው እኮ አሁን ከምትለው ጋር አይገጥምም» አልኩት ባልየውን። ሚስትየዋንም አንድ ሁለት ጥያቄ ጠየቅኳት። ሁለቱም ተባብረው ተቆጡኝ፤ በእኔ ላይ አንድ ሆነው ታረቁ። ከዚያ ወዲህ የጠራኝ የለም። ሰፈር ውስጥ «እርጅና ጨቅጫቃ አደረገው» እየተባልኩ ነው። ይህንንም ሰምቻለሁ፤ ከመንገዱ ማዶ ነበር የሚያወሩት።

ሰርጉ በተቃረበበት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ልጄ ጓዳ ውስጥ ዕቃ ታጥባለች፣ እኔ የተንጠለጠለውን በር ማጠፊያ እቀይራለሁ። ውሃው እየወረደ የሆነ ነገር አለች። ግማሹ ደረሰኝ፣ ግማሹን ውሃው ወሰደው።

«ምን አልሽ?»

«ግድ የ...»

«ግድማ አለኝ» አልኳት። «ውሃውን ዝጊና ድገሚልኝ።»

ዘጋችው። እጇን ጨርቁ ላይ ቀስ ብላ ጠረገች።

«ሰርጉን ለፋሲካ ማግስት ያልኩት እኔ ነበርኩ አባዬ። እማዬ አይደለችም። ለምኛት ነው እንደ ራሷ አድርጋ የነገረችህ።»

«ለምን?»

«ፈርቼ ነው። እኔ እኮ ነኝ የሷን ላንተ፣ ያንተን ለሷ የማስተረጉመው። ስወጣ ሁለታችሁ እዚህ ቤት ውስጥ ዝም ተባብላችሁ የምትቀመጡ ይመስለኝ ነበር። ለጥር ስትስማማ የሳቅኩት ደንግጬም ነው።»

በርግጥ ድምጿ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። መጨረሻው ላይ ትንሽ ይሰበራል፤ እንደ እናቷ። ብሎን መፍቻውን መሬት አስቀመጥኩ።

«አሁንስ ትፈሪያለሽ?»

«አሁንማ» አለች እየሳቀች፣ «አሁን ያለ እኔ እርዳታ መጣላት ትችላላችሁ።»

ሰርጉ በጥር ሆነ። ለሠለጠነ ጆሮ የመጨረሻው ፈተና ሰርግ ቤት ነው። ድምፅ ማጉያው ሲከፈት መሣሪያውም ጭንቅላቴም አንድ ላይ እጅ ሰጡ፤ ግማሹን ሰዓት እንደ ድሮው እየነቀነቅኩ አሳለፍኩት። እንግዶቹ በጣም ወደዱኝ። ሙዚቃው ቆሞ ምርቃት ሲጀመር ግን ሁሉም ነገር ተመለሰልኝ። ትልቁ ሽማግሌ ተነሱና የልጅቷ አባት «ካልገጠመች ሞርጄ እመልሳለሁ» እንዳሏቸው ለሰርገኛው ሁሉ ተረኩ፤ ከዕቃው ክብደት ጀምሮ፣ አንድም ቃል ሳያስቀሩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የአጠገቤ ሳቅ፣ የጥግ ሳቅ፣ የሙሽራዋ ሳቅ፤ ለይቼ ሰማኋቸው። ያን ሁሉ ወር የለፋሁት ለዚህ ነበር መሰለኝ።

መጋቢት ላይ ወደ ባለሙያዋ ተመለስን። እዚያችው ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብታ ፈተነችኝ። ወረቀቱን ስታሳየን መስመሩ ያው ነው፤ ሜዳ፣ ከዚያ ገደል።

«ጆሮዎ አልተለወጠም፤ አይለወጥምም» አለች። «ግን ቃላቱን ሳነብልዎት በፊት አብዛኛውን ይስቱ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛውን አግኝተዋል። የተሻለው ጭንቅላትዎ ነው ጋሼ።»

«ጭንቅላቱ ተሻለ ነው ያልሽው?» አለች ባለቤቴ። «እርግጠኛ ነሽ? የሌላ ሰው ወረቀት እንዳይሆን።»

ወደ ቤት ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ከፊት ተቀመጥን። ከኋላችን ሁለት ሴቶች ስለ አንዲት ምራት ያወራሉ። ምራትየዋ ለአማቷ ሽሮ ያቀረበችው ጨው ሳትጨምር ነው፤ ሆን ብላ ነው ወይስ ረስታ? አንዷ ረስታ ነው ትላለች፤ ሌላዋ ደግሞ ምራትየዋ ያን ቀን የተናገረችውን ታውቃለች። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እኔም ወደ ኋላ ዘንበል አልኩ። ረዳቱ ፌርማታውን ሲጠራ ሰምቼዋለሁ፤ ግን ሴትዮዋ ልትናገረው ነው። ባለቤቴ እንድንወርድ ክንዴን ነካችኝ፣ በእጄ ቆይ አልኳት። ሚኒባሱ ተነሳ። ቀጥሎ ባለው ፌርማታ ሴቶቹ ራሳቸው ወሬውን ሳይጨርሱ ወረዱ።

አቧራ እየጠጣን በእግራችን ተመለስን። ባለቤቴ ከኋላዬ ትራመዳለች፤ ትነጫነጫለች፣ ለራሷ፣ በዚያች ዝቅ ባለችው ድምጿ። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ፀሐዩ፣ በዚህ ዕድሜ ነገር ሰሚ ስለሆነ ሽማግሌ።

«ጉልበትሽን ካመመሽ ባጃጅ ልጥራ?» አልኳት ሳልዞር።

ጫማዋ ብቻ ይሰማኛል፤ የግራው ትንሽ ይጎተታል።

«አያስፈልግም» አለች። ከዚያ ፈጠን ብላ ከጎኔ ደረሰችና «ለመሆኑ ጨው ያልጨመረችው ሆን ብላ ነው?» አለችኝ።